ከቦዩ ዳር ስላለው ግድግዳዬና ስለዚያች አጭር ሰረዝ

ለክቡር አቶ ኤክዋላ ዲፑላ
የንዶግቤያ ክፍለ ከተማ የቅርስ፣ የሰነድና የቦታ ማስለቀቅ አገልግሎት ኃላፊ
ዱዋላ

ጉዳዩ፦ እስከ ሰኞ ጠዋት ብቻ በሕይወት ስለሚቆይ ግድግዳ

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ ሲደርስዎ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም፣ ከወንበርዎ ጀርባ ያለው የአየር ማቀዝቀዣም በሙሉ ጤንነት እንዲገኙ ከልቤ እመኛለሁ። ባለፈው ቢሮዎ ስመጣ ማቀዝቀዣው ትንሽ ያስነጥሰው ነበር፤ ተሽሎት ከሆነ ደስታዬ ወሰን የለውም። እኔ በበኩሌ ደህና ነኝ። የታመመው ግድግዳዬ ብቻ ነው፤ ሕመሙም ከመሥሪያ ቤትዎ የተላከ ቀይ ቀለም ነው።

ማንነቴን ላስታውስዎ። እኔ ባዪሃ ንሌንድ የቪዲዮ ጌምን ወደ አፍሪካ ያስገባሁ ሰው ነኝ። አፍሪካ በዛ ካሉኝ ወደ ካሜሩን ብለው ይያዙልኝ። ካሜሩንም ከበዛ በባቡር ሐዲዱና በጎርፍ መውረጃው ቦይ መካከል ወዳለው ሠፈር ይበሉት። ከዚህ በታች ግን አልወርድም፤ ጌሙ ሠፈራችን በገባ ቀን በሩን ከፍቼ የያዝኩት እኔ ነኝ፤ በሩም የራሴ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ማንም አልጻፈልኝም። በሐዲዱ ማዶ ባለው የሰበካ አዳራሽ በሚሰጠው የማታ ትምህርት፣ ሌላው ሰው በሁለት ዓመት የሚጨርሰውን እኔ በዘጠኝ ወር ጨርሻለሁ። መምህርቴ ንጎ ማቲፕ ይህን ዓረፍተ ነገር ስታነብ ሳል ያዛት፤ አሥራ አራት ወር ነው ትላለች። እሷ ዝናብ ሲጥል የቀረሁባቸውን ቀናት ትቆጥራለች፤ እኔ አልቆጥራቸውም። ያም ሆነ ይህ በሃምሳ ስምንት ዓመቴ ፊደል እንድቆጥር ያደረጉኝ እርስዎ ነዎትና ምስጋናዬ ይድረስዎ። እርስዎ ባይኖሩ እስከ ዛሬ መሃይም ሆኜ፣ ግን ግድግዳዬ ቆሞልኝ እኖር ነበር።

ደብዳቤው ግልጽ ስለሆነ በአዳራሹ በርና በዳቦ ቤቱ መስኮት ላይም ይለጠፋል። ዳቦ ሊገዙ ቆመው የሚያነቡት ሰዎች እንዳይደናገሩ ግድግዳው ምን እንደሆነ በአጭሩ ላስረዳ፤ እርስዎ ይህን ስለሚያውቁት ማቀዝቀዣዎን እያዳመጡ ትንሽ ይታገሡኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ጌም ቤት ነበረኝ። ሁለት ቴሌቪዥን፣ አራት አግዳሚ፣ ሁለት የመጫወቻ መሣሪያ፤ አንዱ አፈ ጠባብ የጃፓን፣ አንዱ አፈ ሰፊ የአውሮፓ። በእኛ ሠፈር ግማሹ ወንድ የወደብ ወዛደር ነው፤ አዲስ ካሴት በመጣ ቁጥር «እኔ ነኝ ያመጣሁት»፣ «የለም እኔ ነኝ» እየተባለ ወንበር እስከመወራወር ይደረስ ነበር። ጠቡን ያበረድነው በወደቡ ሥርዓት ነው። ወዛደር ዕቃ ሲረከብ በአውራ ጣቱ ነው የሚፈርመው። እኛም ካሴት ሲመጣ ግድግዳው ላይ አስደግፌ ዙሪያውን በከሰል አሰምርበታለሁ፤ ያመጣው ሰው አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ከጎኑ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨቃጨቅ ሰው አግዳሚ አያገኝም።

ስሙን አልጽፍም፤ መጻፍ አልችልም ነበር። ቀኑንም አልጽፍም። ከካሴቱ ጎን ያ ጊዜ የሚታወስበትን ነገር እሥላለሁ። ቦዩ ሞልቶ አልጋችን የተንሳፈፈበት ዓመት ከሆነ አልጋ፤ አንበሶቹ፣ የእግር ኳስ ቡድናችን፣ ጣሊያን ሄደው ሩብ ፍጻሜ የደረሱ ጊዜ ከሆነ አንበሳ፤ ከተማው ሁሉ አድማ መትቶ መንገዱ ጭር ያለ ጊዜ ከሆነ የተዘጋ በር። በሃያ ሁለቱ ዓመት መጨረሻ ላይ ስቆጥረው ሁለት መቶ አሥራ አራት ካሴት፣ ሁለት መቶ አሥራ አራት አውራ ጣት ሆነ። ማንም ሰው ማስመሪያ ይዞ ቢመጣ ካሴቱ ከየት እንደመጣ ከግድግዳው ላይ ለክቶ ያውቃል፦ የጃፓኑ ጠባብ ነው፣ መዳፍ ውስጥ ይገባል፤ የአውሮፓው ሰፊ ነው፣ ጡብ ያህላል፤ ከናይጄሪያ፣ አባ ከሚባለው ከተማ ገበያ የሚመጣው ቅጂ እንደ ጃፓኑ ጠባብ ሆኖ ጥጉ ያልተሞረደ ነው፣ ከሰሉን ያደናቅፈዋል። ይህን ሁሉ ያደረግነው ሰነድ እናዘጋጅ ብለን አይደለም። ወንበራችን እንዳይሰበር ነው። ሰነድ ሆኖ ቢገኝ ጥፋቱ የኛ አይደለም።

አሁን ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ። መምህርቴ ቅሬታ በቁጥር ሲሆን ያምራል ስላለችኝ በቁጥር አደርገዋለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ሰረዟ።

መጀመሪያ ቢሮዎ የመጣሁት ቦዩ ይሰፋል፣ ዳሩ ያሉት ቤቶችም ይፈርሳሉ የሚል ወሬ እንደሰማሁ፣ አምና ሳይሆን ካቻምና በየካቲት ነው። ግድግዳው እንዲመዘገብልኝ ስጠይቅ በትሕትና አስቀመጡኝ፤ ኮምፒዩተርዎን ወደ እኔ አዞሩና የትኛው ጌም በየትኛው አገር መቼ እንደወጣ የሚዘረዝር፣ ባሕር ማዶ ያሉ የጌም ወዳጆች የሚያጠናቅሩት ታላቅ መዝገብ ከፍተው አሳዩኝ። ማንበብ ስለማልችል እርስዎ አነበቡልኝ። የመጀመሪያውን ጌማችንን፣ እኛ ሸርጣኑ የምንለውን፣ መልኩን እየነገርኩዎ ፈልገው አገኙልኝ። ጃፓን፣ ቀን ከነወሩ። አሜሪካ፣ ቀን ከነወሩ። አውሮፓ፣ ወሩ ብቻ። አፍሪካ የሚለው ዓምድ ላይ ሲደርሱ ጣትዎ ቆመ። እዚያ አንዲት አጭር ሰረዝ ነበረች።

«ፓፓ ባዪሃ፣» አሉኝ፤ «አልወጣም ማለት ነው። ያልመጣ ነገር እንዴት ይመዘገባል?»

ክቡር ሆይ፣ ያን ቀን መልስ አጣሁ። ባዪሃ መልስ አጣ ቢባል በሠፈራችን የሚያምን የለም፤ ግን አጣሁ። ከቢሮዎ ወጥቼ ሐዲዱን እስክሻገር ድረስ፣ እውነትም ሳይመጣ ይሆን እንዴ እያልኩ ነበር። ሰው ሃያ ሁለት ዓመት የኖረበትን ቤት በአንዲት ሰረዝ ሊጠራጠር ይችላል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

መልሱን አሁን አግኝቼዋለሁ። አዎ፣ ጌሙ እኛ ዘንድ አልወጣም፤ መጣ እንጂ። ማስታወቂያ ተለጥፎለት፣ ሪባን ተቆርጦለት አልመጣም። በመርከበኛ ሸሚዝ ተጠቅልሎ መጣ። አሮጌ ፍሪጅ ከአውሮፓ በኮንቴይነር ሲመጣ፣ የበረዶ ማስቀመጫው ውስጥ አምስት ካሴት ተረስቶ መጣ፤ ፍሪጁ እስከ ዛሬ አልሠራም፣ ካሴቶቹ ሠሩ። ከአባ በደረቅ ዓሣ ጆንያ ሥር ተደብቆ መጣ፤ ቁጥር ዘጠናን ዛሬም ቢያሸቱት ዓሣ ዓሣ ይላል። ሸርጣኑ ብቻ ሦስት ጊዜ ነው የመጣው፤ ከጃፓን ጠባቡ፣ ከአውሮፓ ሰፊው፣ ከአባ ደግሞ ቅጂው፣ እሱ ላይ ሸርጣኑ አረንጓዴ ነው። በመዝገብዎ አንድም ጊዜ ያልመጣ ጌም በሠፈራችን ሦስት ጊዜ መግባቱ ትንሽ ቅር ቢያሰኝዎ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ምስክር ካስፈለገ ማማ ንጎ ሂኦል አለች። ማማ ከጌም ቤቴ መስኮት ሥር ቦምቦሊኖና ቦሎቄ ትሸጥ ነበር፤ ዛሬም ትሸጣለች። ሰዓት የላትም። ሊጡን ዘይት ውስጥ የምትጥለው የሸርጣኑ ዘፈን ሲጀምር ነበር፤ የምታገላብጠው ዘፈኑ ዞሮ ሲመጣ፤ የምታወጣው ደግሞ ሲደግም። በጃፓኑ መሣሪያ ሦስት ዓመት እንዲህ ጠበሰች፤ ሥዕሉ በእኛ ቴሌቪዥን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ነበር የሚታየው፤ ቦምቦሊኖው ግን ወርቅ ይመስል ነበር። ከዚያ የአውሮፓው መሣሪያ ከነካሴቱ መጣ። ሸርጣኑ ያው ሸርጣን፣ ዘፈኑም ያው ነው፤ ግን ጎተት ይላል። ቴሌቪዥን ጠጋኙ በኋላ እንዳስረዳን፣ የዚያ አገር መሣሪያ ከቴሌቪዥኑ ጋር እንዲስማማ ቀስ ብሎ እንዲተነፍስ ተደርጎ ነው የሚሠራው። እኛ ግን ነገሩን ከጠጋኙ በፊት ያወቅነው ከቦምቦሊኖው ነው። በዚያ ሳምንት የማማ መጥበሻ ያወጣው ሁሉ አረረ። ዱቄቱን ረገመች፤ ዘይቱን ረገመች፤ በሦስተኛው ቀን መስኮቴን በጭልፋ አንኳኳችና እንዲህ አለችኝ፦

«አንተ ባዪሃ፣ ያንን ሸርጣን ምን አበላኸው? መራመድ አቅቶታል።»

በቁጥር ሠላሳ ስምንት ጎን ያለው ጥቁር ክብ ያ ያረረ ቦምቦሊኖ ነው። የጌሙ የአውሮፓ ቅጂ ዱዋላ የገባበት ሳምንት ከዚህ በላይ በምን ይረጋገጣል? እርስዎ ግድግዳውን ሊያዩ በመጡ ቀን ማማ ይህንኑ እየተረከችልዎ አራት ቦምቦሊኖ በልተዋል። ስትጨርስም «ልጄ፣ ታዲያ ያልመጣ ሸርጣን ነው እንዲህ ያከሰረኝ?» ብላ ጠየቀችዎ። አፍዎ ሞልቶ ስለነበረ አልመለሱላትም። ስለማንቸኩል ዛሬም መልሱን እንጠብቃለን፤ ማለቴ እስከ ሰኞ።

ሁለተኛ፤ ስለ ፊደል።

በዚያው ቀን ግድግዳውን ዳር እስከ ዳር በእጅዎ ጀርባ መታ መታ እያደረጉ ካዩ በኋላ፣ ፊደል የሌለበት ነገር ሰነድ ሊባል እንደማይችል፣ ጽፌ ባመጣው ግን ቅርስ ለሚመዘግበው ኮሚሽን እንደሚያቀርቡት ነገሩኝ። ማን ይጽፍልኛል ብል፣ ራስዎ ቢጽፉት ይሻላል አሉኝና ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ትዝ ይለኛል። ወደ ማታ ትምህርቱ የወሰደኝ እሱ ነው። ከእኔ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ የሚቀመጡት መጽሐፍ ቅዱስ ለማንበብ፣ ወይም ለልጅ ደብዳቤ ለመላክ ነው የመጡት፤ መምህርቷ «አንተስ ፓፓ?» ስትለኝ «እኔ አንድ ግድግዳ ላነብ ነው» አልኳት። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም፤ ግድግዳውን አሳየኝ አለች። መጥታ አየችው፤ ብዙ ቆመች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላው «ቤት»፣ «ውሃ» እያለ ሲጽፍ እኔ «ጠባብ»፣ «ሰፊ»፣ «ቅጂ» እንድጽፍ ፈቀደችልኝ።

ሦስተኛ፤ ስለ ኮሚሽንዎ።

አርባ አንድ ገጽ ጽፌ አመጣሁልዎ። እያንዳንዱን ቁጥር፣ ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳመጣው፣ በየትኛው ጊዜ። ደብተሩን በሁለት ጣትዎ አንሥተው ክብደቱን ገመቱትና፣ ኮሚሽኑ እንዲያየው ጌሞቹ በአገራችን ስለመውጣታቸው የታወቀ መዝገብ ማስረጃ መያያዝ አለበት አሉኝ። ማለትም ሰረዟ መጀመሪያ መነሣት አለባት። በመምህርቷ ኮምፒዩተር ለመዝገቡ ጠባቂዎች ጻፍኩ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ በሁለት ቀን መለሱልኝ፤ ስለ ማማ ቦምቦሊኖ የጻፍኩትን ደጋግመው እንዳነበቡት፣ ሰረዟን በቀን ለመተካትም ከአካባቢው ባለሥልጣን የተረጋገጠ አንድ ሰነድ እንደሚበቃቸው ነገሩኝ። ደብዳቤያቸውን አትሜ አመጣሁልዎ። እርስዎም በደስታ ተቀብለው፣ ሰረዟ ስትነሣ ወዲያው አረጋግጣለሁ አሉኝ።

ስለዚህ ሰረዟ እርስዎን ትጠብቃለች፤ እርስዎ ሰረዟን ይጠብቃሉ፤ ሰኞ የሚመጣው ዶዘር ግን ማንንም አይጠብቅም።

አራተኛ።

አራተኛውን ተናድጄ ስለጻፍኩት መምህርቴ አሠረዘችኝ። ቁጥሩን ግን አልሰጣትም፤ እንደዚሁ ባዶውን ይቁም። እርስዎ ባዶ ቦታ ማንበብ ስለሚችሉበት ያነቡታል።

አምስተኛ፤ ስለ ቀዩ መስቀል።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት የመሥሪያ ቤትዎ ሰው ቀለም ይዞ መጣ። ንኩሉ ይባላል፤ ዕድሜው አርባ ገደማ ነው፤ ሥራውን በጥንቃቄ የሚሠራ ጨዋ ሰው ነው። በውጭ በኩል በግድግዳዬ ላይ ትልቅ ቀይ መስቀል ሠራ፤ ከሥሩም ጻፈ። ጎንበስ ብዬ ጣቴን እያስኬድኩ አነበብኩት፦ «ይፈርሳል። ሰኞ።» ከክፍል ውጭ፣ ማንም ሳይረዳኝ፣ በሕይወቴ ያነበብኩት የመጀመሪያ ጽሑፍ ይህ ነው። ንኩሉ እየተንተባተብኩ እስክጨርስ ብሩሹን ይዞ ጠበቀኝና «ጎበዝ፣ ፓፓ» አለኝ። ከልቡ ነው። እኔም አመሰገንኩት። ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ የቆምንበትን ሁኔታ ሳስበው አሁንም ልስቅ ይሁን ላልቅስ አላውቅም።

ውስጡን ላሳይህ አልኩት። ገባ። ንኩሉ የሚባል ወዛደር ነበረ እንዴ ብሎ ጠየቀኝ፤ ነበረ፣ በገመድ ክሬን ላይ የሚሠራ፣ ከሞተ አሥራ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ቁጥር መቶ ሁለትና መቶ ሦስትን ያመጣው እሱ ነው አልኩት። አሳየሁት። የአባቱ አውራ ጣት ሰፊ ነው፤ ጫፉ ላይ በገመድ የተቆረጠ ጠባሳ አለው፤ ቀለሙ ያንን ጠባሳ ነጭ አድርጎ ትቶታል። ንኩሉ እጁን በሱሪው ጠርጎ የራሱን አውራ ጣት እዚያ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ «ፓፓ፣ መስቀሉን ልሠራው ታዝዤ ነው» አለኝ። አውቃለሁ አልኩት። በማግስቱ ቀለም ሳይሆን አንድ ክምር ባዶ የሲሚንቶ ከረጢት ተሸክሞ መጣ። ምክንያቱን አሁን እነግርዎታለሁ።

ቦዩ ይስፋ። ይህን ቅሬታ አይበሉት። ሐምሌ ላይ ውሃው ቤታችን ሲገባ ፍየል ከጣሪያ ላይ የማወርደው እኔ ነኝና ቦዩ መስፋት እንዳለበት ከእርስዎ በፊት አውቃለሁ። ቤቱን ውሰዱት፤ ጣሪያውንም፣ አግዳሚዎቹንም፣ የማይሠራውን ፍሪጅም። የምለምንዎ ስለ አንድ ግድግዳና ስለ አሥራ አንድ ቀን ነው።

ፎቶ ያንሡት አሉኝ። አንሥቻለሁ። ፎቶ ውስጥ ግን ጠባቡም ሰፊውም እኩል ነው፤ ልኩ ከሌለ ካሴቱ ከየት እንደመጣ ማንም አያውቅም፤ የጣቶቹም መስመር ይደፈርሳል። ስለዚህ የሲሚንቶ ከረጢቱን ቀድጄ፣ ውስጠኛውን ወረቀት ግድግዳው ላይ ወጥሬ፣ በልኩ እገለብጠዋለሁ። ካሴቱ ቀላል ነው። ጣቱ ነው የሚያስቸግረው። ባለቤቱ በሕይወት ካለ እጠራዋለሁ፤ መጥቶ ወረቀቱ ላይ እንደገና ይፈርምልኛል፤ አንዳንዱ ከሆስፒታል ፈቃድ ጠይቆ መጥቶ ፈርሞ ተመልሷል። የሞተ ከሆነ ግን በሰዓት ሠሪው አጉሊ መነጽር እያየሁ፣ መስመር በመስመር በእርሳስ አወጣዋለሁ፤ አንዱ ጣት አንድ ሰዓት ይፈጃል። እስከ ዛሬ መቶ ሠላሳ አንዱን ጨርሻለሁ። ሰማንያ ሦስት ይቀሩኛል። የቀሩት ሁሉ የሞቱት ናቸው፤ እነሱ አይቸኩሉም ብዬ ወደ መጨረሻ ያቆየኋቸው እኔው ነኝ። በሕይወቴ ከሠራሁት ስሕተት ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። አሁን ከሁሉም ሰው የሚቸኩሉት እነሱ ሆኑ።

በተለይ ቁጥር አንድ። ቁጥር አንድ በሩ ዳር ነው፤ ዶዘሩ መጀመሪያ የሚነካው እሱን ነው። ሸርጣኑ፣ ጠባቡ፣ የጃፓኑ። ያመጣው ታላቅ ወንድሜ ምቦግ ነው። ግንድ በሚጭን መርከብ ላይ ይሠራ ነበር፤ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ካሴቱን በሸሚዙ ጠቅልሎ መጣ፤ ከሰሉን ራሱ ይዞ አሰመረው፤ አውራ ጣቱን ቀለም ነክሮ ፈረመ፤ ቀለሙ ሳይደርቅ ወደ መርከቡ ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ አላየነውም። ፎቶ የለውም፤ መቃብር የለውም፤ እናታችን እስክትሞት ድረስ ማለዳ ማለዳ እየመጣች ያቺን ጣት በመዳፏ ትሸፍናት ነበር። ለዚህ ነው ሌላውን ሁሉ እየገለበጥኩ ቁጥር አንድ ጋ ስደርስ እርሳሴን የማስቀምጠው።

ክቡር ሆይ፣ እኔ ቀልደኛ ነኝ፤ ሠፈሩ የሚያውቀኝ በዚህ ነው። ይህን ደብዳቤም በቀልድ ጀምሬው በቀልድ ልጨርሰው አስቤ ነበር። ቀልዱ ግን ከዚህ በላይ አላደረሰኝም። አሥራ አንድ ቀን ይስጡኝ። አሥራ አንድ ከበዛ አምስት። አምስትም ከበዛ፣ ሰኞ ዶዘሩ ከግራ በኩል ይጀምር፤ በሩ በቀኝ ነው።

ግድግዳው እንዲመዘገብ ባለመፍቀድዎ ማንበብ ስላስተማሩኝ፤ ቅርስንና ማፍረስን በአንድ ጠረጴዛ ላይ አዋሕደው በመያዝዎ የሠፈራችንን ሰው ከሁለት ቢሮ ምልልስ ስላዳኑት፤ ቦምቦሊኖውን ስላደነቁልን እጅግ አድርጌ እያመሰገንኩ፣ በታላቅ አክብሮት፣ በጥልቅ ትሕትና፣ አንድ እጄ እርሳስ አንድ እጄ አጉሊ መነጽር ይዞ፣ እስከ ሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ድረስ ትሑት አገልጋይዎ ሆኜ እቆያለሁ።

ባዪሃ ንሌንድ
የቀድሞ ጌም ቤት ባለቤት፣ የአሁን ተማሪ
(ከዚህ በታች አውራ ጣቴን አላሳረፍኩም፤ አሁን መፈረም እችላለሁ።)

ግልባጭ፦
ለማማ ንጎ ሂኦል፣ ከመስኮቱ ሥር፤ ይነበብላት
ለመምህርት ንጎ ማቲፕ፤ ስሕተቱን በቀይ ሳይሆን በሰማያዊ ታርምልኝ፣ ቀይ ጠልቻለሁ
ለአቶ ንኩሉ፣ የቦታ ማስለቀቅ አገልግሎት
ለዶዘሩ ሹፌር፣ ስሙን ስለማላውቅ በአክብሮት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ኮሚሽንዎ ግድግዳውን ሊያይ ቢመጣ፣ መቼም አይመጣም እንጂ ቢመጣ፣ አንድ ነገር ሳይነገረው እንዳይገባ ብዬ ይህን ጨመርኩ። መምህርቴ ትናንት፣ በሰነድ ውስጥ አንድ ውሸት ከተገኘ የቀረውንም ሁሉ ይዞት ይሄዳል ብላ አስተምራናለች፤ ይህን ስትል ለምን ወደ እኔ ቀጥታ እንዳላየች አላውቅም። የቀሩት ሁለት መቶ አሥራ ሦስት አውራ ጣቶች በእኔ ምክንያት እንዳይጠፉ ብዬ እናገራለሁ። የእርስዎ መዝገብም ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ካለ፣ እኔ ከተናገርኩ በኋላ ለእርስዎ ይቀልልዎታል።

ምቦግ ያን ቀን አልመጣም። ካሴቱን ያመጣልኝ አብሮት የሚሠራ አንድ መርከበኛ ነው፤ ስሙን እንኳን አልጠየቅሁትም። ወንድምህ ወደ ሌላ መርከብ ተዛውሯል፣ ይህን ላክልህ፣ በሚቀጥለው ጉዞ ይመጣል ብሎኝ ሄደ። ከሰሉን ያሰመርኩት እኔ ነኝ። እናቴ ልትገባ ስትል ሰማሁና፣ ልጇ መጥቶ የሄደ እንዲመስላት ቀለሙን ነክሬ አተምኩ፤ እስከ ሞተችበት ቀን ድረስ በመዳፏ የሸፈነቻት ጣት የእኔ ናት። በቁጥር አንድ ላይ ሰረዝ ያድርጉበት፤ ያቺ ሰረዝ እውነተኛ ትሆናለች። ምቦግ ሲመጣ ራሱ ይፈርማል ብዬ ግን ከጣቴ ጎን አንድ አውራ ጣት የሚያህል ቦታ ትቼለታለሁ፤ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ማንም እንዲነካው አልፈቀድኩም፤ እስከ ዛሬ ጠዋት ድረስ ባዶ ነው።